ዶሮ ያልጮኸበት ንጋት

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት ሐይቅ ዳር ከተማ ውስጥ፣ አብሯቸው ፊልም ለማየት ሰው ሁሉ የሚፈራቸው ሴት ነበሩ። እትዬ ዘርፌ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አፈር እያስቆፈሩ፣ ከጥንት ሰዎች የተረፈውን አጥንትና ድንጋይ ሲያጠኑ የኖሩ ምሁር ናቸው። ስለ ድንጋይ ዘመን የተሠራ ፊልም በመጣ ቁጥር ከፊት ወንበር ይቀመጡና ማጉረምረም ይጀምራሉ። «የምን ላስቲክ ጫማ ነው ያጠለቀው? ሰውየው ዋሻ ውስጥ ነው የሚኖረው አላላችሁም እንዴ?» ይላሉ ጮክ ብለው። ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው «እባክዎ እንይበት» ቢላቸው ይብስባቸዋል።

ሰዉ ነገረኛ ይበላቸው እንጂ እሳቸውን የሚያንገበግባቸው ሌላ ነበር። «የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም። እንደ አውሬ ሲያጓራ ብታሳየው ተነስቶ ስሜን አጠፋህ አይልህም። እኔ ካላልኩለት ማን ይበልለት?» ይሉ ነበር።

በዚህ ቁጭት የባልጩት ሽልማትን አቋቋሙ። ባልጩት ያ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው፣ የጥንት ሰዎች ምላጭ የነበረው ጥቁር ድንጋይ ነው። አንዱን በገዛ እጃቸው ጠርበው፣ በፊልሙ ውስጥ ውሸት እንዳይገባ ለጠበቀ አንድ ሰው እሰጠዋለሁ አሉ። ዓመታት አለፉ፤ የሚወስደው ጠፋ። የአንዱ ፊልም ጀግና ክንዱ ላይ የክትባት ጠባሳ ተገኘበት። የሌላው የዋሻ እመቤት ዓይኗን ተኩላ፣ ቅንድቧን አሳምራ ብቅ አለች። በሌላው ደግሞ ሰውን ዳይኖሰር ሲያባርረው ያዩት እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

ዘንድሮ ግን አዲስ ነገር አወጁ። «ዓይኔ ደክሟል። ባልጩቱን የሚወስደው ሰው የዳኝነት ወንበሬንም ይወስዳል። ከእንግዲህ ለእነዚያ ሰዎች የሚሟገትላቸው እሱ ነው። ወንበሩ አንድ ነው፤ ተጋፍቶ መቀመጥ የለም» አሉ። ሰው ከጠፋ ወንበሩ ባዶውን ሊቀር ነው፤ ይህም እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ላቀው፣ ትርንጎና አሸብር የሚባሉ የከተማዋ ልጆች፣ የአንድ እናት ልጆች፣ ፊልም ይዘው መጡ። ከሠላሳ ሺህ ዓመት በፊት ድርቅ የመታቸውን ዘመዶቿን እየመራች ወደ ሐይቅ የምታደርስ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። እትዬ ዘርፌ እንደ ልማዳቸው ለነቀፋ ተዘጋጅተው ተቀመጡ። ጦሩን አዩ፤ ዝም አሉ። ንግግሩን ሰሙ፤ ዝም አሉ። ከጎናቸው ያለው ሰው አሟቸው እንደሆነ ብሎ ሰረቅ አድርጎ አያቸው። በመጨረሻ ንጋት ላይ ሴትየዋ ኮረብታው ጫፍ ደረሰች፤ ሐይቁም ከታች ተዘርግቶ ታየ። አፏን ከፈተች፤ ከነፋሱ በቀር አንዳች ድምፅ አልተሰማም። እትዬ ዘርፌ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

መብራቱ ሲበራ እሳቸው ቆመው ነበር። «እልልል!» አሉ፣ እንደ ሰርግ ቤት። «እነሱ ናቸው! ሰዎቻችን ናቸው! በሕይወቴ አየኋቸው!» አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ተናወጠ። ወንድማማቾቹና እህታቸው ተቃቅፈው፣ ሰዉ እየተሻማ እየሳማቸው መድረክ ላይ ወጡ።

ደስታው ጋብ ሲል እትዬ ዘርፌ ባልጩቱን አንስተው፣ «በሉ ልጆቼ፣ ውሸቱን ከደጅ የመለሰው ከሦስታችሁ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሦስቱም «እኔ» አሉ። ሰው ሳቀ፤ እነሱ ግን ከልባቸው ነበር።

ላቀው የዕቃና የአልባሳቱ ኃላፊ ነበር። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ከጂፕሰም የተሠሩ ጦሮችና በመኪና የተሰፉ ቆዳዎች ተዘጋጅተው ነበር። አንዱን ቆዳ ገልበጥ አድርጎ ስፌቱን አየና ሁሉንም ከምሮ አቃጠለ። እህትና ወንድሙ አበደ አሉ። እሱ ግን ዛሬም ቆዳ በባልጩት ወደሚፍቁ ሰዎች አገር ሄዶ፣ ሙያውን ለምኖ ተማረ። ሲማር አውራ ጣቱን ባልጩት ቆርጦት እስከ ዛሬ በደንብ አይታጠፍለትም። ከጦሩ ጫፍ እስከ ውሃ መያዣው የሰጎን እንቁላል ድረስ ብረት የነካው ዕቃ አልነበረም። «ዓይን ውሸት ካየ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ወንበሩ ለእኔ ይገባል» አለ።

ትርንጎ የፊልሙን ድርሰት የጻፈችው ናት። ጽሑፉ ሰው ሁሉ ያደነቀላት ነበር። ታዲያ በልምምዱ ላይ አንዱ ተዋናይ አንበሳ አየሁ ብሎ «ጉድ ፈላ!» ሲል ዘላ ተነሳች። «በየትኛው ድስት?» አለች። ሸክላ ገና አልተሠራማ! ጽሑፉን መልሳ ብታየው ጉዱ በዛ። «ዶሮ ሳይጮኽ እንነሳ» ይላል፤ የማን ዶሮ? «በሬ ወለደ አትበለኝ» ይላል፤ የትኛው በሬ? «አፈር ስሆን» የሚለውን ብቻ፣ አፈር ያኔም ስለነበረ ተወችው። ሌላውን ቀዳ ጥላ እንደ አዲስ ጻፈች። ንጋቱ «ወፍ ሲንጫጫ» ሆነ፤ ውሸቱም «ዱካ የሌለው ወሬ» ተባለ። ቃላቸውን ያጠኑት ተዋንያን አኮረፉ፤ አንዱማ ጥሎ ሄደ። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። «ላቀው እጃቸውን አሳየ፤ እኔ ግን ሰው መሆናቸውን አሰማሁ» አለች።

ከታች ከተመልካቹ አንዱ፣ «በምን ቋንቋ እንደሚያወሩስ ማን ያውቃል?» አላት።

«ማንም። ለዚህ ነው የማውቀውን ውሸት ሁሉ ያወጣሁት» አለች።

አሸብር ድምፅና ሙዚቃ ሠሪው ነው። ለመጨረሻው ትዕይንት የደረሰውን የዋሽንት ዜማ የሰማ ሁሉ ያለቅስ ነበር። ፊልሙ ሊታይ ትንሽ ሲቀረው ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዳምጥ፣ ከዜማው ሥር አንድ ነገር ጆሮውን ኮረኮረው። ዶሮ! ትርንጎ ከወረቀት ያባረረችው ዶሮ፣ ከሆነ ሰው ግቢ በሕይወት ተነስቶ ኩኩሉ እያለ ነው። ያውም ሴትየዋ ሐይቁን አይታ በጮኸችበት ቅጽበት፣ በድምጿ ላይ ተደርቦ። ትዕይንቱን መድገም አይቻልም፤ ተዋናይቷ እንደዚያ መጮኽ ዳግም አልሆነላትም። ዜማውን ከፍ ቢያደርገው ማንም አይሰማም ነበር። እሱ ግን ሰምቷል። ዶሮውን ከነጩኸቱ አጠፋ። ድምፅ በሌለው አፍ ላይ ዋሽንቱ እንደ ማስታወቂያ ሙዚቃ ሆኖ ታየው፤ የለፋበትን የራሱን ዜማም አጠፋ። ሐይቁ ዳር ቀርጾ ያስቀመጠውን ነፋስ ብቻ አስገባ። «የሁለቱን ልፋት አንድ ዶሮ ሊያፈርሰው ነበር፤ በራሴ ሥራ ከፍዬ አዳንኩት» አለ።

«ማጥፋትም ሥራ ሆነ?» አለች ትርንጎ።

«ሴትየዋ እኮ ጮኻለች» አለ ላቀው። «ድምጿን መቀማትህ ራሱ ውሸት አይደለም?»

አሸብርም፣ «ከዶሮ ጋር ከምትጮኽ ዝም ትበል ብዬ ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ አወካ።

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይስማ! ግማሹ «ጣቱን የሰጠው ላቀው ነው፤ እሱ ባይኖር እትዬ ዘርፌ ገና ከጅምሩ ይወጡ ነበር» ይላል። ሌላው «ዕቃማ ሙዚየምም አለ፤ ሰው ያደረገቻቸው ትርንጎ ናት» ይላል። ከኋላ ያሉት ደግሞ «እትዬ ዘርፌን ያስለቀሳቸው ምን ሆነና? የአሸብር ዝምታ!» እያሉ ይጮኻሉ።

እትዬ ዘርፌ ባልጩቱን ይዘው መሀል ቆሙ። ልባቸው በደስታ ሊፈነዳ ነው። «አንድ አጣሁ ብዬ ስጨነቅ ሦስት ሰጠኸኝ!» ብለው ወደ ላይ አንጋጠጡ። ወንበራቸው ባዶ እንደማይቀር አሁን አውቀዋል። ላቀውን አዩት፤ ትርንጎን አዩዋት፤ አሸብርን አዩት። እጃቸውን ዘርግተው እንደገና መለሱት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አንዱ ሐሰተኛውን ዕቃ አቃጠለ፤ አንዷ ሐሰተኛውን ቃል ቀደደች፤ አንዱ የገዛ ዜማውን አጠፋ። ባልጩቱን የሚቀበለው፣ መልስ መስጠት ለማይችሉት ለእነዚያ ሰዎች አፍ ሆኖ እንዲኖር የሚገባው ከሦስቱ ማን ነው?