አያ ጅቦ ዋስ ያጣ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ሣሩ ገና ሳይረዝም በደረቀበት፣ ወንዙም አሸዋውን ብቻ ይዞ በቀረበት ዓመት፣ አሥራ ሁለት አህዮች ሥራ ፍለጋ ወደ ጨው ቆላ ወረዱ። በዚያ አገር ጨው ከቆላ አስጭኖ ደጋ የሚያወጣው የሲራራው ጌታ አያ ጅቦ ነበር። ጅብ አህያ ቀጠረ ሲባል ሰምታችሁ አትሳቁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? አህዮቹም ጨንቋቸው ነው።

አያ ጅቦስ ቢሆን አህያ መቅጠርን ከየት ያመጣዋል? የመከረችው እመት ቀበሮ ናት። አህያ ቢበሉት የአንድ ቀን ራት ነው፣ ጨው ቢያሸክሙት ግን በየጉዞው ደጋ ካለው ከአያ አንበሶ ግቢ በጨው ለውጥ ሙክት ያስገኛል ብላ ነገረችው። ይህን ለመረዳት ሦስት ቀን ፈጀበት። ከገባው በኋላ ግን ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የራሱ እንደሆነ ለአገሩ ሁሉ ሲያወራ ከረመ።

ከአህዮቹ መካከል ቡላ የሚባል ወደላ ነበር። ቡላ ቶሎ የሚገባው ዓይነት አይደለም፤ የገባውን ግን አይለቅም። አብራው የመጣችው ዳለቻ የአገሩ ልጅ ናት፤ አንድ መስክ ላይ ግጠው፣ አንድ ኩሬ ጠጥተው ነው ያደጉት። ሊቀጠሩ የተሰለፉ ዕለትም ጎን ለጎን ነበሩ።

ውሉን የጻፈችው እመት ቀበሮ ናት። የጻፈችውም በሰፊ ቁርበት ላይ ነው፤ ቁርበቱ የማን ቆዳ እንደነበር የጠየቀ ግን አልነበረም። ያነበበችላቸው ጨው ጀርባቸው ላይ ከወጣና መጫኛው ሆዳቸው ሥር ከጠበቀ በኋላ ነው። የተጫነ አህያ ደግሞ ሐሳቡ አንድ ብቻ ነው፤ መንገዱ ተጀምሮ ይለቅለት እንጂ ሌላ ነገር አይሰማም። «በየጉዞው ለእያንዳንዱ አንድ ቁና ገብስ» የሚለውን ሁሉም ሰሙ። ከዚያ በታች ያለውን እመት ቀበሮ እየሳለች፣ ጉሮሮዋን እየጠረገች፣ ቶሎ ቶሎ አለፈችው።

በመጨረሻ ቀና ብላ «ዋስ ጥሩ» አለቻቸው። በዚያ አገር ዋስ የሌለው ሥራ የለውም። አንዱ ሥራ ያቋረጠ እንደሆነ ደግሞ ዋሱን አያ ጅቦ ይበላዋል። አህዮቹ በሰው አገር ማንን ያውቃሉ? እርስ በርሳቸው ተያዩ። እመት ቀበሮም ይህንኑ ነበር የምትጠብቀው፤ «ምን ቸገራችሁ፣ አንዱ ለአንዱ ይሁነዋ» አለችና መላውን ራሷ አመጣችላቸው። ዋሱ የዋሰውን እየጠበቀ ከኋላ ከኋላው እንዲሄድም አዘዘች። ቡላ ለዳለቻ ዋስ ሆነ። ጉራች የሚባለው ጥቁር አህያ ለቡላ ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻዋ አሮጊት ደረሰ። ሁሉም ኮቴያቸውን ቁርበቱ ላይ ረግጠው አተሙ፣ ጉዞውም ተጀመረ።

የመጀመሪያው ጉዞ ደህና ነበር። በሁለተኛው ወንዝ ሞልቶ አራት ቀን ዳር ላይ አቆማቸው፤ ገብሱ ሲሰፈር ጎደለ። ለምን ቢሉ፣ የቆሙበት ቀን አይታሰብም፣ ተጽፏል አለች እመት ቀበሮ። በሦስተኛው ጉዞ የደጋ ጉም ጨውን አሟሟውና ክብደቱ ቀነሰ፤ የቀነሰው ሁሉ ከአህዮቹ ገብስ ላይ ተነሣ። ለምን ቢሉ፣ ይህም ተጽፏል። በአምስተኛው ጉዞ የአንዱ ድርሻ የአንድ ኮቴ ዱካ ብቻ የሚሞላ ሆነ። የተረፈውን ገብስ አያ ጅቦ በአቀበቱ ሥር ባሠራው ጎተራ ያጠራቅመዋል። ጅብ ገብስ አይበላም፤ የያዘውን አለመልቀቅ ስለሚወድ ብቻ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ።

አህዮቹ አጉረመረሙ። ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚያጉረመርመው። ጉራች አንድ ጊዜ ጥሎ ሊጠፋ ከመንገድ ወጣ ሲል፣ ከኋላው የነበረው ዋሱ በልጆቹ ለመነው፣ አስለቀሰው፣ መለሰው። ከዚያ ወዲህ እሄዳለሁ ያለ የለም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እውነት ሳይሆን አይቀርም ብለው ተቀመጡ።

በስድስተኛው ጉዞ ዳለቻ ገጣባ ወጣባት። ኮርቻው ያረፈበት ቦታ ተላጠ፣ ቆሰለ፣ ዝንብ ወረረው። በቀን ሁለቴ የነበረው መሰናከሏ አሥር ጊዜ ደረሰ። ከኋላዋ የሚሄደው ቡላ ገጣባው ከዓይኑ ሥር ነው፤ ያየዋል። መጀመሪያ አዘነላት። ቀጥሎ ፈራ፤ እሷ ከወደቀች የሚበላው እሱ ነውና። ሲውል ሲያድር ፍርሃቱ ወደ ንዴት ዞረ። «አውቃ ነው፣ ልታስበላኝ ነው» ይል ጀመር በልቡ። በራሱ ይገፋታል፣ ዳገት ላይ በደረቱ ይጫናታል።

አንድ ቀን ቆማ ቀረችበት። ቡላ አላሰበበትም፤ ታፋዋን ነከሳት።

ዳለቻ አልጮኸችም። አንገቷን አዙራ አየችውና «ቡላ፣» አለችው፣ «አያ ጅቦ እንኳ እስከ ዛሬ ነክሶኝ አያውቅም።»

ቡላ ደነገጠ። አፉ ውስጥ ፀጉሯ ነበር። አያ ጅቦን በዓይኑ ፈለገው፤ ጅቡ ከሩቅ ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ያንቀላፋል። ለካስ አለንጋም አልያዘም፣ ዘበኛም አላቆመም። ምን ያደርግለታል? አለንጋው ቡላ ነው፤ ዘበኛውም ቡላ ነው። ቡላ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ወዲያው ደግሞ የራሱ ታፋ ትዝ አለው። ስንት ጊዜ ከኋላ ተገፍቷል፣ ስንት ጊዜ ተቆንጥጧል፤ ጉራችን ክፉ ነው እያለ ስንት ቀን አኩርፎታል። ጉራች ክፉ አልነበረም፤ ዋስ ነበር።

ወንዝ ወርደው ውሃ ሲጠጡ ቡላ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ሲያብሰለስለው የዋለውን ነገር አነሣ። ከፊት የምትመሪው አንቺ ሆነሽ ሳለ ለምን ሁልጊዜ ወደ ኋላ እያየሽ ትሰናከያለሽ አላት። ዳለቻ ወደ ሰልፉ ጫፍ አመለከተችው። «የመጨረሻዋን አሮጊት የዋስኳት እኔ ነኝ። ከኋላዋ የሚሄድላት ስለሌለ አንገቴን እስኪቆረጥመኝ ዞሬ የማያት እሷን ነው። እሷ ከቀረች እኔ እበላለሁ።»

ቡላ መጠጣቱን አቆመ። አልኳችሁ፣ ቶሎ አይገባውም። እሱ የዳለቻ ዋስ፣ ጉራች የእሱ ዋስ፣ ጉራችን ደግሞ ከኋላው ያለው፣ እሱንም ከኋላው ያለው፣ አሮጊቷን ዳለቻ። ነገሩ ከየትም ቢጀምሩት ዞሮ እዚያው ነው። ውጭ የቀረ ዋስ የለም። አንዱ ቢቆም አንዱ ይበላል፤ ሁሉም ቢቆሙስ? ዋሱም ዋስ የሆነለትም አንድ ላይ ቢተኙ ማን ማንን ይነዳል?

ይህን ለዳለቻ ነገራት፣ ዳለቻ ለአሮጊቷ፣ ቡላ ለጉራች። ጉራች ፈራ፤ የሚፈራበትም ነገር ነበረው፤ ልጆች አሉት። ቡላ አልተቆጣውም፣ እኔም እፈራለሁ አለው። ከዚያ ቁስሉን እንዲያይ ዳለቻ ዘንድ ወሰደው። ጉራች ገጣባውን አይቶ ብዙ ቆየ፣ በመጨረሻም እሺ ብሎ ነገሩን ከኋላው ላለው ነገረው፣ እሱም ለቀጣዩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አቀበቱ ሥር፣ ከአያ ጅቦ ጎተራ ፊት ለፊት ደረሱ። በደጋው አናት ላይ ጥቁር ደመና ተቆልሏል። ዳለቻ ቆመች። ቡላም ከኋላዋ ቆመ፣ አልነከሳትም። አሥራ ሁለቱም አንዱ የአንዱን መጫኛ በጥርሱ እየፈታ ጨውን መሬት አወረዱ፣ ራሳቸውን ወደ ውስጥ፣ ኮቴያቸውን ወደ ውጭ አድርገው ክብ ሠርተው ተኙ።

አያ ጅቦ እየተንከወከወ መጣና ከዳለቻ ግርጌ ፈንጠር ብሎ ቆመ። ተነሽ ቢላት አልተነሣችም።

«ዋስሽ ማነው?»

«ቡላ።»

ወደ ቡላ ዞረ። «ዋስህ ተኝታለችና ልበላህ ነው» አለ፣ ማን ለማን ዋስ እንደሆነ እየተምታታበት።

«እኔም እኮ ተኝቻለሁ» አለ ቡላ። «እኔ ለተኛሁት የሚጠየቀው ዋሴ ጉራች ነው። ተጽፏል።»

አያ ጅቦ ይህ ልክ መሰለውና ወደ ጉራች ሄደ። ጉራችም እኔም ተኝቻለሁ፣ ዋሴን ይጠይቁት አለው። ቀጣዩም እንደዚያው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። አሮጊቷ ዘንድ ሲደርስ ዋሴ ዳለቻ ናት ስትለው ፊቱ በራ፤ «እሷን አውቃታለሁ!» ብሎ ወደ ዳለቻ ሮጠና ዋሷ ማን እንደሆነ እንደገና ጠየቃት። ሁለት ጊዜ ዞረ። ሦስተኛውን ሲጀምር ምላሱ ተጎልጉሎ ነበር። እመት ቀበሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች።

«እንግዲያው ሁላችሁንም እበላለሁ!» አለ በመጨረሻ።

ቡላ ከተኛበት ሳይነሣ መለሰለት። «ሁላችንንም ከበሉ አሥራ ሁለት ጭነት ጨው በዚህ አቀበት ማን ያወጣልዎታል? አያ አንበሶ ጨው ይጠብቃሉ፤ ያ ደመና ግን ማንንም አይጠብቅም። አንዳችንን ልብላ ካሉም ይቅረቡ። አህያ ለአህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበርም ይባላል፤ የእርስዎን ጥርስ ግን ገና አልሞከርነውም።»

አያ ጅቦ ወደ ውጭ የዞሩትን ሃያ አራት የኋላ ኮቴዎች አየ። ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ይኼኔ እመት ቀበሮ ጅራቷን እየወዘወዘች ወረደች። አለመግባባት በቤተሰብም ያለ ነው፣ አዲስ ውል እጽፋለሁ፣ ሙሉ ቁና ይሰጣችኋል፣ የቆማችሁበት ቀንም ይታሰባል፣ ብቻ እናንተ ቶሎ ጫኑ አለች። ቡላ አይሆንም አላለም። ባዶ ጀርባችንን ሆነን ቀስ ብለሽ ታነቢልናለሽ አላት። እሺ አለች። ከዚያ ወደ አያ ጅቦ ዞረ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ። «እኛ ውል ስንገባ ዋስ ጠርተናል። አሁን የሚገቡት እርስዎ ነዎት፤ ዋስ ይጥሩ።»

አያ ጅቦ ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን አየ። በዚያ አገር ያልነጠቀው፣ ያልበላበት እንስሳ አልነበረም። ዓይኑ መጨረሻ ላይ እመት ቀበሮ ላይ አረፈ፤ ስንት ሙክት አብረው በልተዋል።

እመት ቀበሮ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «እኔ እጽፋለሁ እንጂ አልዋስም» አለች። «ደግሞ እርስዎን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቅዎታል?»

የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ አያ ጅቦ አፍንጫ ላይ አረፈች።

«ዋስ የሌለው አስቀድሞ ይከፍላል» አለ ቡላ፣ ድምፁን ሳያነሣ።

አያ ጅቦ ጎተራውን ከፈተ። አህዮቹ ለመብላት አልቸኮሉም። እነሱ ሲያላምጡ ዝናቡ እየበረታ መጣ፤ አያ ጅቦና እመት ቀበሮ ያገኙትን ሁሉ ጨው ላይ ይጥሉ ጀመር። ሌላ ልባስ ሲያጡ ያንኑ የውሉን ቁርበት ዘርግተው አለበሱት። ዝናቡ ወረደበት፤ የተጻፈው ሁሉ፣ በሳል የታለፈውም ሳይቀር፣ ታጥቦ ከአፈሩ ተቀላቀለ። ቁርበቱ ላይ የቀረው የአሥራ ሁለቱ አህዮች የኮቴ ምልክት ብቻ ነበር።

ሲያባራ አሥራ አንዱ የዳለቻን ጭነት ተከፋፍለው አቀበቱን ወጡ። እሷ ገጣባዋ እስኪድን ጎተራው ዘንድ ቀረች፤ ገብሱንም የምትጠብቀው እሷ ሆነች። ቡላ በዚያ ቀን ከፊቱ የሚነዳው አልነበረውም። ጉራች ከጎኑ መጣ፤ ጎን ለጎን ሆነው ደጋ ገቡ።

ከዚህ የምንማረው፣ በወንድም አንገት የታሰረ ገመድ የሚፈታው፣ ታሳሪዎቹ እርስ በርስ መናከስ ትተው ፊት ለፊት የተያዩ ዕለት መሆኑን ነው።