ለስክሪኑ እጅ ያልነሳው ውሻ

አንድ ንጉሥ ከሕዝቡ ፊት መቅረብ ሰለቸው። ፀሐዩ አናቱን ይመታዋል፤ አቤት ባዩም ማለቂያ የለውም። ስለዚህ በየአደባባዩና በቤተ መንግሥቱ ግቢ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን አሰቀለ። ጠዋት ጠዋት እልፍኙ ውስጥ ካሜራ ፊት ይቀመጣል፤ ምስሉም በየስክሪኑ ብቅ ይላል። ምስሉን ያየ ሁሉ እጅ እንዲነሳ፣ ስክሪኑ እስኪጠፋም ዓይኑን ከእሱ እንዳይነቅል በአዋጅ ታዘዘ። ሕዝቡስ ምን ያድርግ? ለመስታወት ጎንበስ ቀና ማለቱን ለመደው።

ንጉሡ መከታ የሚባል ውሻ ነበረው። ከቡችላነቱ ጀምሮ ወተት በጣቷ እያላሰች ያሳደገችው የግቢው ውሻ ጠባቂ አልጣሽ ናት። ንጉሡ እልፍኙን ከዘጋ ወዲህ መከታ ጌታውን ካየ ሁለት ዓመት አልፎታል።

አንድ ጠዋት ግቢው በሙሉ እጅ ሲነሳ መከታ የጌታውን ድምፅ ሰምቶ ወደ ስክሪኑ ሮጠ። ጥጉን አሸተተ። ዞሮ ከጀርባው ፈለገ፤ ሽቦ ብቻ አገኘ። ተመለሰና የንጉሡን ፊት አንድ ጊዜ አይቶ፣ እግሩን አንስቶ ስክሪኑ የተሰቀለበትን ምሰሶ አራሰው። እውነቴን ነው፣ እኔ ብሆን አልደፍረውም ነበር።

ንጉሡ ግቢውን በካሜራ ያይ ነበርና ደሙ ፈላ። እዚያው ስክሪኑ ላይ ሆኖ ተናገረ።

«አልጣሽ፣ ይህ ውሻ በሰባት ቀን ውስጥ ለምስሌ ጭራውን መቁላት ካልተማረ ይገደላል። አስተምሪው።»

«አላስተምረውም፣ ንጉሥ ሆይ።»

«ለምን?»

«መከታ እርስዎን የሚያውቅዎ በጠረንዎ ነው። ጠረን የሌለውን ነገር ጌታዬ ነው እንዲል ካስለመድኩት፣ ነገ ምስልዎን ይዞ የመጣ ሌባ ሁሉ በሩን አልፎ ይገባል።»

«እንግዲያው ይሞታል!»

«ቢሞት አለቅሳለሁ። ግን አላስተምረውም።»

«እኔ አስተምረዋለሁ» አለ ታማኝነቱን ለማሳየት የቸኮለ አንድ ባለሟል። በሰባተኛው ቀን ማለዳም ማንም ሳያየው ስክሪኑን የቀለጠ የበግ ላት ቀባው። ምስሉ ሲበራ መከታ ተንደርድሮ የንጉሡን ጉንጭ ይልስ ጀመር። ባለሟሎቹ አጨበጨቡ። «ፍቅር ማለት ይህ ነው!» ብሎ እንባውን የጠረገም ነበር። ንጉሡም ፈገግ አለ።

አልጣሽ ግን ጠረኑ ደርሷታል። ማንም ሳይዛት ሄዳ በነጠላዋ ጫፍ ስክሪኑን ሙልጭ አድርጋ ጠረገችው። መከታ አንዴ አሸተተና ጀርባውን ሰጥቶ ተኛ።

«የወደደው ላቱን ነው፣ ንጉሥ ሆይ» አለች። ወደ ባለሟሎቹም እየጠቆመች፣ «ለእነዚህም የቀቡላቸውን ጠርገው ይዩ!»

«ግደሉት!» ብሎ ስክሪኑ ጮኸ።

አንድ ወታደር ሰይፉን መዘዘ። አልጣሽ ውሻውን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች።

«ለምስል እጅ አልነሳም ብሎ በሚሞት ውሻ ላይ ምስል አይፈርድም። ንጉሡ ራሳቸው መጥተው ይግደሉት!»

ንጉሡ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። በቁጣ የራሱን ሰይፍ መዝዞ ከእልፍኙ ወጣ። ገና ደጃፉን ሲረግጥ የመከታ አፍንጫ ተነሳ። እያለቃቀሰ ሮጦ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሰይፍ የያዘውን እጅ ይልሰው ጀመር። ያ እጅ ላት አልተቀባም ነበር።

ንጉሡ ቀና ብሎ ግቢውን አየ። ከአልጣሽና ከውሻው በቀር ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶታል። ስክሪኑ ላይ የቀረው ባዶ ወንበር ነው። ባለሟሎቹ ለባዶው ወንበር እጅ ይነሳሉ፤ ወታደሩም ከባዶው ወንበር ትእዛዝ ይጠብቃል።

«እኔ እዚህ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

ማንም አልዞረም። ዓይንን ከስክሪኑ መንቀል በራሱ አዋጅ ክልክል ነው።

«አሁን ማንን ይገድላሉ?» አለችው አልጣሽ።

ንጉሡ ሰይፉን ሰገባው ውስጥ ከተተ። ሄዶም ስክሪኑን በገዛ እጁ ነቀለው።

ወዳጄ፣ መከታ አመፀኛ አልነበረም። በምስሉ አልረካም ያለው ጌታውን ስለሚወድ ነው። አልጎነብስም ማለት ሁልጊዜ ጥላቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ታማኝነት እሱ ራሱ ነው። የሚያብረቀርቅ ፊት ሲመጣልህ ቀርበህ አሽትት፤ ዞረህም ከጀርባው እይ። ሽቦ ብቻ ካገኘህ፣ አገሩ ሁሉ ቢጎነብስም አንተ ቀጥ ብለህ ቁም።

ለመሆኑ ዛሬ ጠዋት ስትነቃ ጎንበስ ያልከው ለማን ነበር? ለሰው ነው ወይስ ለባዶ ወንበር?