ፍታው የሚባለው ወደብ

በጣና ዳርቻ፣ ደንገሉ ሳሳ ብሎ ታንኳ በሚያስጠጋበት በአንዱ በኩል፣ ፍታው የሚባል ትንሽ ወደብ አለ። ውሻ ይዞ ሊሻገር የሚመጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ቀዛፊው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የውሻውን አንገት ነው፤ ገመድ ካለበት ባለቤቱ ይፈታዋል፣ አልፈታም ካለ ደግሞ የፈለገ የተከበረ ሰው ቢሆን ከዳር ቆሞ ይቀራል። እንግዳ ሰው ነገሩ ግር ይለውና፣ ውሻ ከታንኳ ላይ እንዳይዘል ይታሰራል እንጂ ይፈታል እንዴ ብሎ ይከራከራል። እንዲህ ብሎ በማሰብ እሱ የመጀመሪያው አይደለም።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት፣ ድሮ በዚያ ዳርቻ አጣናው የሚባል፣ እጁ የተመሰገነ ታንኳ ሠሪ ይኖር ነበር። ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ትርንጎ አለኝታ የሚባል ቀይ ውሻ ከቡችላነቱ አሳድጋ፣ ውሃ ስትወርድም እንጨት ስትለቅምም ሳትለየው ኖራ፣ በኋላ ለሐይቁ ማዶ ሰው ተዳረች። ውሻው ደጃፍ ላይ ተኝቶ እህል አልቀምስ አለ፤ እሷም በባዕድ መንደር ሆድ ቢብሳት፣ «አባቴን አለኝታን አምጣልኝ በሉት፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብላ በገበያተኛ ላከች።

አጣናው መልእክቱ ሲደርሰው ልጁ ዛሬም እሱን አባቷን እንደምትፈልግ አውቆ ደስ አለው፤ ለዚሁ መንገድ ብሎም አዲስ ታንኳ ሠራ ይባላል። ያሳሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ውሻው ወፍ ባየ ቁጥር የሚዘል ቀልበ ቢስ ነው። ሚስቱ ውዴም፣ «አንተ ሰው፣ አደራ ነው። አንድ ነገር ቢሆን ዓይኗን በምን ዓይንህ ታያለህ?» አለችው።

«ከእኔ ታንኳ ጋር የታሰረ ነገር አይሰጥምም» አላት።

ይህን ሲል አልዋሸም። የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል እንጂ አይሰጥምም፤ የዚያ አገር ሰው ልጁን ቀዘፋ ሲያስተምር አስቀድሞ የሚነግረው ታንኳው ቢገለበጥም እንዳይለቀው ነው። አጣናውም ለራሱ የሚያውቀውን መዳኛ ለውሻው አደረገለት፤ አንገቱን በጠፍር አሰረና፣ ጠፍሩን አሳጥሮ ከታንኳው ወገብ ጋር ቋጠረው። አጥብቆ ሳብ አድርጎ ሲሞክረው አልላላ አለ፤ ልቡም በዚህ አረፈ።

መንገዱ ሰላም ነበር። ማዶ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ትርንጎ ዳር ቆማ ታየች፤ አለኝታ ብላ ስትጣራ ውሻው ድምጿን ለይቶ ሊዘል ተወራጨ፣ ጠፍሩ ያዘው፣ እንደገና ተወራጨ፣ በዚያው ላይ ማዕበል የታንኳውን ጎን መታውና ተገለበጠ። አጣናው እንዳለው ታንኳው አልሰጠመም፤ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ውሻው ግን ከሥሩ ነበር። አጣናው ጠልቆ ቋጠሮውን ያዘ፤ የራሰ ጠፍር ደግሞ በእጅ አይፈታም፤ ጥፍሩ እስኪደማ ታገለው፣ በጥርሱም ሞከረ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ወጣ፣ ተመልሶም ጠለቀ። የማዶ ሰዎች ደርሰው ታንኳውን ሲያቃኑት ነገሩ አልቆ ነበር።

ትርንጎ ውሃው ወገቧ እስኪደርስ ገብታ ውሻዋን ተቀበለች። አንገቱን ስትዳስስ ጠፍሩን አገኘችውና ቀና ብላ አባቷን አየችው።

«አባዬ፣ ዋና እኮ ያውቅ ነበር» አለችው። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

ከዚህ በቀር በዚያ ነገር አልወቀሰችውም፤ ብትሰድበው በተሻለው ነበር። በዓመት በዓል ስትመጣ ጉልበቱን ትስማለች፣ ያመጣችውን ታቀርብለታለች፤ ውሻ ግን ከዚያ ወዲያ አላሳደገችም ይባላል፣ እሱም አሳድጊ ለማለት አፉን አልደፈረም። ታንኳ መሥራቱን ትቶ ዘመኑን ወደቡ ላይ በመቀመጥ ጨረሰ፤ ውሻ አስሮ የሚመጣ ሰው ሲያይ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ «ፍታው» ይላል፤ ሌላ ወሬ አያወራም። ሰዎቹ መጀመሪያ አእምሮው ተነካ ብለው አዘኑለት፣ ቆይተው ግን ይፈቱለት ጀመር። ቦታውም በዚያው ተጠራ። አንድ መንገደኛ፣ «አባቴ፣ ቢዘልስ?» ብሎ ቢጠይቀው፣

«ይዝለል» አለው አጣናው። «ዞረህ ታነሣዋለህ።»

ዛሬም በዚያ ወደብ የሚቀዝፉ ሰዎች ውሻ ከታንኳ ሲዘል አይቆጡም። ዝናብ ቢያባርራቸውም፣ ገበያ ቢረፍድባቸውም፣ የጫኑት ሙሽራ ቢሆን እንኳ፣ ቀዛፊው ታንኳውን ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ውሻውም እየዋኘ ይመጣል።