አንድ ቀን ብቻ የተሰጣ ማሽላ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ምህረቴ፣ ትዕግሥታቸው ተሟጦ።

ይህን ያስጀመራቸው ሰሊጥ አራሹ ውብነህ ነው። ውብነህን ትናንት ወባ አንዘፍዝፎት ከጤና ጣቢያ የሦስት ቀን ኪኒን ተሰጥቶት ነበር። ሲመሽ ትኩሳቱ ለቀቀው። ዛሬ በማለዳ የቀረውን ኪኒን በፎጣው ጫፍ ቋጥሮ መጣና፣ «ጋሼ፣ ድኜ ሳለሁ ለምን እጨርሰዋለሁ? ለአጨዳው ጊዜ ባስቀምጠውስ?» አላቸው።

ጋሽ ምህረቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማይክሮስኮፕ ደም ሲያዩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ይህችን ጥያቄ ከመስከረም ወዲህ ብቻ ስንቴ እንደሰሟት ፈጣሪ ይወቀው። ደግሞ ሰውየውን ተመልከቱት! ከንፈሩ አመድ መስሏል። በራፋቸው ድረስ ያለችውን ትንሽ ዳገት ሲወጣ ሁለቴ ቆሞ ተንፍሷል። እሱ ግን «ድኛለሁ» ይላል።

«አፍህን ዘግተህ ስማኝ» አሉና ቀጠሉ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጸጋ ገበሬ። ጎተራው እስከ አፉ ማሽላ ነው። አንድ ቀን ጎተራውን ቢከፍት ነቀዝ ቦነነበት። ደንግጦ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱን ጠየቀ። ሽማግሌውም፣ «ሦስት ቀን በጠራራ ፀሐይ አስጣው። ሦስት ቀን ሙሉ!» አሉት።

ሰውየው በመጀመሪያው ቀን አሰጣ። ነቀዙ ግማሹ ረገፈ፣ ግማሹ በረረ። አመሻሹ ላይ ማሽላውን በእፍኙ ዘግኖ ቢያይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። «ጠፋልኝ» አለ። የሁለቱን ቀን ፀሐይ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ ብሎ፣ እህሉን መልሶ ጎተራ ውስጥ ገለበጠው።

ነቀዝ ግን የሚኖረው ፍሬው ላይ መች ሆነና! ፍሬው ውስጥ ነው። በስቶ ይገባል፣ ዱቄቱን እየበላ ያድጋል፣ ከዚያ ሸንቁሮ ይወጣና አጠገቡ ያለውን ፍሬ ይይዛል። ሰውየው የሚያየው ሲወጣ ብቻ ነው። በሚበላበት ጊዜ ጎተራው ጸጥ ያለ ነው።

ነቀዙ እንደገና ቦነነ። ያኔ ሰውየው የቤቱን ሰው ሁሉ ለነቀዝ ለቀማ አሰማራ። ጎተራውን በጭቃ የሚመርጉት እንኳ ሥራቸውን ጥለው ለቀማ ገቡ። ለቃሚው በዛ፣ መራጊ ጠፋ። ግድግዳው ተሰነጣጠቀ፣ እርጥበት ሰረገበት።

አንድ ጠዋት ሚስቱ ወፍጮ ቤት ልትሄድ አንድ ጆንያ ሙሉ ማሽላ አስሞላች። ጆንያውን ልትሸከም ጎንበስ ብትል፣ በአንድ እጇ ብድግ አለላት።

«ሰውዬ፣ ይሄ ጎተራ ሙሉ ነው አላልከኝም?»

«ሙሉ ነው እንጂ!»

«በምን?» አለችው። ሰውየው አንዷን ፍሬ በጥፍሩ ቢጫናት፣ ባዶ ቅርፊት ሆና ተፈረከሰች።

ጋሽ ምህረቴ እዚህ ላይ ወደ ውብነህ ዞሩ።

«ጎተራው ደምህ ነው። ማሽላው ቀይ የደም ሕዋስህ ነው። ዱቄቱ ደግሞ ሄሞግሎቢን የሚባለው፣ የምትተነፍሰውን አየር ለሰውነትህ የሚያደርሰው ፕሮቲን ነው። የወባዋ ተሕዋስ ቀለቧ እሱ ነው። ሕዋሱን አፈንድታ ስትወጣ ትንዘፈዘፋለህ፤ ሌላው ውስጥ ገብታ ስትበላ ‹ለቀቀኝ› ትላለህ። ዳገቷ ላይ ሁለቴ ያቆመህ ምን መሰለህ? እርጅና ነው?»

ውብነህ ከንፈሩን በምላሱ አረጠበ። «መራጊዎቹስ ጋሼ?»

«አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን አለ። የደምህን ውሃ በደም ሥርህ ውስጥ ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ጉበትህ ወባን የሚዋጉ ፕሮቲኖች ለማድረስ ሲሯሯጥ እሱን መሥራቱን ይቀንሳል። ቁስል ሲደማ የሚደፍኑልህ፣ ፕሌትሌት የሚባሉት ትንንሽ የደም ሕዋሶችም ይመናመናሉ። ይኸው ነው መራጊ ጠፋ ያልኩህ።» በጣታቸው የፎጣውን ቋጠሮ አመለከቱ። «ይህ የያዝከው የሁለት ቀን ፀሐይ ነው። ለአጨዳው አስቀምጠው፣ ማን ከለከለህ! የሚያጭደውን ሰው ግን ከየት ልታመጣ ነው?»

ውብነህ አጎንብሶ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ።

«ለመሆኑ ቁርስ በልተሃል?» አሉት ጋሽ ምህረቴ፣ ንዴታቸው ሳይበርድ።

«አልበላሁም።»

«እግዚኦ! ግባ እንግዲህ፤ በባዶ ሆድህ አትውጠው።»