ልብስ ሰፊዋ የለካችው ገመድ

መምህር ላቀው ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የድሮ ተማሪዎቻቸው ግን አሁንም ቤታቸው ድረስ እየመጡ ምክር ይጠይቋቸዋል። ባለፈው እሑድ የመጣችው ፈንታነሽ ነበረች፤ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ያስተማሯት፣ ዛሬ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እናት። ወንበሩ ላይ ሳትደላደል ጥያቄዋን አወጣችው።

«መምህር፣ ልጄ ከትምህርት ቤቷ ልጆች ጋር ተራራ ልትወጣ ተነሥታለች። ሁለት ቀን በእግር ሄደው ነው የሚመለሱት። እኔ አይሆንም አልኳት። ‹ፈሪ ነሽ› አለችኝ። እኔ ደግሞ ተጠንቅቄ ነው እላለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ለመሆኑ ፍርሃትና ጥንቃቄ በምንድን ነው የሚለዩት?»

መምህሩ ፊታቸው በራ። የሚወዱት ዓይነት ጥያቄ ነበር። ወንበራቸውን ወደ እርሷ አዞሩና ጀመሩ።

አንድ አስጎብኚ ነበረ። የሚኖርባት ከተማ ትንሽ፣ ከበላይዋ ያለው ተራራ ግን ትልቅ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሩቅ የመጡ እንግዶችን እያስከተለ ተራራውን ሲወጣ ኖረ። እንግዶቹ የሚመጡት ቀይ ቀበሮ ለማየት ነው። ሰውየው ከሥራው ሁሉ አንዲት ቅጽበት ይወድ ነበር። ቀበሮው ከሣሩ መሃል ብቅ ሲል ዘወር ብሎ ከኋላው ላለው ሰው «ያውና!» የሚልባትን ቅጽበት። ለእርሷ ሲል ብርዱንም ዳገቱንም ይረሳዋል።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ እንግዳ ቀረ። ሰውየው መጋቢት ላይ ቤቱ እንደገባ ክረምቱ አለፈ።

አጥር ለአጥር የምትጎራበተው አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ዋናው ከተማ የነበረች ታላቅ እህቷን በሽታው ወሰደባት፤ ለቀብር እንኳ አልደረሰችም። መርዶውን የሰማችው በስልክ ነው። በማግስቱ መስኮቷን በሚስማር ቸነከረችው፣ ስንጥቁን በጋዜጣ ለጠፈችው፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። የሰው ልብስ መቀበል ተወች። ጎረቤት ምግብ ደጃፏ ላይ አስቀምጦላት ይሄዳል፤ ሰው ዞር ማለቱን ስታረጋግጥ ታስገባዋለች። ቢጠሯት አትመልስም።

ልብ በይ ፈንታነሽ፣ ይህች ሴት ሞኝ አልነበረችም። በሽታው እውነት ነበር፤ ሰው ይገድል ነበር። ቤት መዋሏም ልክ ነው። እኔ የምነግርሽ ስለ ሚስማሩ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት አስጎብኚውን እግሩ አላስቀምጥ አለውና ብቻውን ወጣ። ስምንት ወር ያልተረገጠው መንገድ ሣር ለብሶ ጠበቀው። ሸለቆው አፋፍ ላይ ደርሶ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ። ከማዶ፣ ድንጋይ ሥር ከተማሰ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ አንዲት ቀይ ቀበሮ ፀሐይ ትሞቃለች። ከሆዷ ሥር አንድ ጠቆር ያለ ነገር ተንከባለለ። ተከትሎት ሌላ። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ቡችሎች! አምስት ቡችሎች! በዚያ ሁሉ ዓመት ሲመላለስ እንዲህ በጠራራ ፀሐይ ሲላፉ አይቶ አያውቅም። ዘወር ብሎ «ያውና!» አለ።

ከኋላው ማንም አልነበረም።

ቁልቁል ሮጠ። የሁለት ሰዓቱን መንገድ በአንድ ሰዓት ጨረሰው። ሰፈሩ ሲደርስ በር ሁሉ ዝግ ነው። የሚነግረው ሰው ሲያጣ፣ ላቡን ሳይጠርግ የልብስ ሰፊዋ አጥር ላይ ተንጠለጠለና ጮኸ።

«ወለደች!»

አጥሩን ነቀነቀና ደገመው።

«ወለደች እኮ! አምስት!»

ከተቸነከረው መስኮት ኋላ የሻከረ ድምፅ መጣ። ያ ቤት ድምፅ ካሰማ ወራት አልፎት ነበር።

«ማን ናት የወለደችው?»

«ቀይ ቀበሮዋ!»

«ስንት አልክ?»

«አምስት! አንደኛው የእናቱን ጅራት ነክሶ አልለቅም አለ። እየጎተተችው ትዞራለች!»

ከውስጥ ሳቅ የመሰለ ነገር ተሰማ። ሳል ይሁን ሳቅ እርግጠኛ አልነበረም።

በማግስቱም ወጣ፤ ሲመለስም አጥሩ ላይ ሆኖ ያየውን ነገራት። በሦስተኛው ቀን ገና ኮቴውን ስትሰማ እርሷ ቀደመችው። «ያ ባለጌው እንዴት ዋለ?» አለች፤ ጅራት የነከሰውን ማለቷ ነው።

«ነይና ራስሽ እይው።»

«አልመጣም።»

«ለምን?»

«እህቴ የሞተችው ሰው መሃል ገብታ ነው። ለቅሶ ልድረስ ብላ ሄደች። አንድ ድንኳን ሙሉ ሰው።»

«ተራራው ላይ ምን ድንኳን አለ? ሰማይ ነው ያለው።»

«ሌሎችም ውሰደን እያሉህ እንደሆነ እሰማለሁ። ሰው ደግሞ ደስ ሲለው ይጠጋጋል።»

ያለችው ትክክል ነበር። ሰፈርተኛው በየአጥሩ ወሬውን ሰምቶ፣ ቤት መቀመጥ የሰለቸው ሁሉ እባክህ ይለው ጀምሮ ነበር።

አስጎብኚው ቤቱ ገብቶ ሲያስብ ዋለ። ከዚያ ረጅሙን የጭነት ገመዱን አውጥቶ በሳሙና አጠበው፤ ሲደርቅ በየአራት እርምጃው አንድ ቋጠሮ ቋጠረበት። ሰባት ቋጠሮ፣ ሰባት ሰው። እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ቋጠሮ ይዞ ይሄዳል፤ ገመዱ እንደተወጠረ ይቆያል፤ ማንም ወደ ማንም አይጠጋም።

ወሬው የቀበሌው ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰ። አስጠራው።

«ሰው ሰብስበህ ተራራ ልትወጣ ነው አሉ።»

«ልበትናቸው ነው እንጂ ልሰበስባቸው አይደለም። ቤት ውስጥ ተፋፍገው ከሚውሉ ሜዳ ላይ ተራርቀው ይዋሉ። አፋቸውን ይሸፍናሉ፤ ገመዱንም ታየዋለህ።»

ሊቀመንበሩ ገመዱን አየ። ቋጠሮዎቹን ቆጠረ። «እሺ። ግን አንድ ሰው ቢታመም የአስጎብኚነት ፈቃድህን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለህ።»

«አስቀምጣለሁ» አለ ሰውየው። ከዚያ ፈቃድ ሌላ እንጀራ አልነበረውም።

ቅዳሜ ጠዋት የገመዱን ጫፍ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ልብስ ሰፊዋ ግቢ ውስጥ ወረወረው። «ቋጠሮሽ ስድስተኛው ነው» አላት። «በአምስተኛውና በሰባተኛው መካከል። ይበቃል አይበቃም ራስሽ ወስኚ።» ብሎ ወደ ኋላ፣ ወደ መንገዱ ማዶ ሄዶ ቆመ። ስድስቱ ሰዎችም ተራርቀው ቆመው ይጠብቃሉ።

ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ከሰዎቹ መካከል ሥጋ ሻጩ «ትቅር፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ» ማለት ጀመረ። በዚህ መሃል ሲጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሚስማር ሲነቀል ነው። ጋዜጣው ተቀደደ። መስኮቱ ተከፈተና ብርሃን የራቀው ፊቷ ታየ። ገመዱን አየችው፤ ከዚያ ፊቷ ተመልሶ ጠፋ።

ሁሉም ቀረች ብለው ነበር። በሩ ተከፈተ። አፏን በወፍራም ጨርቅ ሸፍናለች፤ አንገቷ ላይ ልብስ የምትለካበት ሜትር ተንጠልጥሏል። ማንንም ሳታይ ገመዱ ላይ አጎንብሳ ሜትሩን ዘረጋች። ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ሌላው ለካች። ደግማ ለካች። እስከ ስድስተኛው ለክታ ቀና አለችና፣

«ከአራተኛው እስከ አምስተኛው አንድ ክንድ ያጥራል» አለች። «እዚህ ላይ እርምጃህ አጥሯል መሰለኝ። ፍታና እንደገና ቋጥረው።»

ፈታና ቋጠረው! ደስታው እያጣደፈው ሁለት ጊዜ አመለጠው። እርሷም በድጋሚ ለካችው፤ ከዚያ ስድስተኛውን ቋጠሮ ያዘች።

እንዴት ያለ ጉዞ መሰለሽ! በዚያች ከተማ ተወልደው ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ ከሥጋ ሻጩ በቀር ወደ ላይ የወጣ አልነበረም፣ እርሱም የጠፋ በሬ ፍለጋ ነው። ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ከሰው በላይ ቆሞ ሲያዩት ጮኹ። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነበረ፤ ከተማዋን ቁልቁል ሲያያት «ይቺ ናት እንዴ! በዚች ውስጥ ነው የተጣበብነው?» እያለ ብቻውን ይስቃል። ልብስ ሰፊዋ አትናገርም። በየጥቂት እርምጃው ብቻ ቆማ አየሩን ወደ ውስጥ ትስባለች።

አፋፉ ላይ ደረሱ። አስጎብኚው መነጽሩን አነሣ፤ ዘወር አለ፤ «ያውና!» አለ። አሁን ከኋላው ሰባት ሰው ነበረ።

ምን ሆነ መሰለሽ? ገመዱን ጣሉታ! ሾፌሩ ሮጠ፣ ሥጋ ሻጩ ሮጠ፣ ሁሉም መነጽሩ ላይ ሊረባረብ ነው። አስጎብኚው ራሱ በደስታ ሰክሮ መነጽሩን ዘርግቶ «እዩ! እዩ!» ይላል። ሊነካኩ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ከኋላ አንድ ጩኸት መጣ።

«ቋጠሮአችሁ!»

ልብስ ሰፊዋ ናት። ካለችበት ንቅንቅ አላለችም፤ ስድስተኛው ቋጠሮ እጇ ላይ ነው። «ተመለሱ! ቀበሮዋ የትም አትሄድም። ሁላችንም እናያለን!»

እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። አስጎብኚው አፈረ። ከዚያ በኋላ መነጽሩን አንድ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አንዱ ሄዶ ያያል፣ በአልኮል ጠርጎ ይመለሳል፣ ሌላው ይሄዳል። የእርሷ ተራ ሲደርስ ተንበርክካ አየች። ብዙ ቆየች። ማንም ቶሎ በይ አላላትም።

«አምስት አይደሉም» አለች በመጨረሻ፣ ሳትነሣ። «ስድስት ናቸው። አንዱ ከእናቱ ጀርባ ነው።»

ስትነሣ ዕንባዋ የአፍ መሸፈኛዋን አርሶታል፤ ዓይኗ ግን እየሳቀ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በአራተኛው ቀን ሥጋ ሻጩን ትኩሳት ያዘው። ተመረመረ፤ በሽታው ነበር። ጤና ባለሙያዋ የወጡት ሁሉ አሥራ አራት ቀን ከቤት እንዳይወጡ አዘዘች። አስጎብኚውም ፈቃዱን ወስዶ ሊቀመንበሩ በር ላይ አስቀመጠና ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ለፈቃዱ አልነበረም ያዘነው። «ያቺን ሴት ከቤቷ አስወጥቼ ለዚህ ዳረግኋት» እያለ ነው። አሁን መዶሻውን ታነሣለች ብሎ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቅ ነበር።

የሰማው ስሙን ስትጠራው ነው። መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች፤ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ይቅር በይኝ» አላት ከሩቅ።

«ምን አደረግኸኝ? ለክቼ ነው የወጣሁት። ሥጋ ሻጩ ሁለተኛ ላይ ነበር፣ እኔ ስድስተኛ። ሲሮጥም አልተጠጋሁም። ልታመም እችላለሁ፤ ግን አይመስለኝም። ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው፤ ከአሥራ አራቱ አሥራ ሁለት ቀረኝ።» ወደ ውጭ ዘንበል ብላም፣ «ስማ፣ አሥራ አምስተኛው ቀን ላይ ቋጠሮዬን ለሌላ ሰው ሰጥተህ ባገኝ አጥርህን አልፌ ነው የምመጣው» አለች።

ከሰባቱ ሌላ የታመመ አልነበረም። ሥጋ ሻጩም ከብዶት ከርሞ ዳነ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ፈቃዱን በእጁ ይዞ አስጎብኚው በር ላይ የቆመው ሊቀመንበሩ ነበር፤ ገመዱ አንድ ሰው ይጨምር እንደሆነ ሊጠይቅ። ስምንት ሆነው ወጡ። ቡችሎቹም አድገው፣ መቅላት ጀምረው፣ ከእናታቸው ኋላ ሣሩን ሲሰነጥቁት አዩአቸው።

መምህር ላቀው ይህን ብለው ወደ ፈንታነሽ ጎንበስ አሉ።

«አየሽ ልጄ፣ ሴትየዋ ሚስማሩን ስትመታም ሜትሩን ይዛ ስትወጣም የምትፈራው ያንኑ በሽታ ነው። ሞቱም ያው፣ እህቷም ያቺው። የተለየው ነገር ቢኖር መጀመሪያ ሳትለካ መቸንከሯ፣ በኋላ ግን ለክታ መያዟ ነው። ፍርሃት አይለካም፤ ሁሉንም አንድ አድርጎ ይዘጋል። ጥንቃቄ ወርዶ፣ አጎንብሶ፣ ስንት ክንድ እንደሆነ ያያል። አንዳንዴ ለክቶ ‹አጥሯል፣ አልሄድም› ይላል፤ ይህም ጥንቃቄ ነው። አሁን አንቺን ልጠይቅሽ። ልጆቹን የሚመራቸው ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«ስንት ልጅ ነው? አንዱ ቢታመም በምን ያወርዱታል?»

ፈንታነሽ ወደ ቦርሳዋ አቀረቀረች።

«ተራራውስ የትኛው ነው?»

«እሱንም አልጠየቅኋትም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንግዲያው እስካሁን ልጅሽ እውነቷን ነው» አሉ መምህሩ። «ሂጂና ጠይቂ። ጠይቀሽ አይሆንም ብትይ፣ እኔው መጥቼ ለልጅሽ ‹እናትሽ ጠንቃቃ ናት› ብዬ እመሰክርልሻለሁ።»

ፈንታነሽ ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ስልኳን አውጥታ መደወል ጀመረች። ከግቢው ሳትወጣ ድምፅዋ ተሰማ፤ «ሄሎ፣ የኔ ቆንጆ፣ ያ ተራራ ያልሽኝ... አይ፣ አልተቆጣሁም። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»