የባላምባራስ ሽብሩ ብርዝ

ገና በደረሰ ቁጥር ጌታውን በነገር ወጋ የሚያደርግ ሁሉ ከአንዲት አባባል ጀርባ ይደበቃል። ከየት እንደመጣች ግን የሚጠይቅ የለም። እኔ የሰማሁትን ላውጋችሁ።

ባላምባራስ ሽብሩ በየዓመቱ የማዶውን መንደር በገና ጨዋታ የሚገጥም ቡድን ነበራቸው፤ ተጫዋቾቹም ጭሰኞቻቸው ናቸው። ከሜዳው ዳር ደግሞ ጠጅ ቤት ከፍተዋል። የአገሩ ልማድ ሕዝቡ አሸናፊውን ተከትሎ እየጨፈረ ሄዶ በአሸናፊው ጌታ ደጅ መጠጣት ነው፤ የተሸነፈው ጌታ ጠጅ እዚያው ጋኑ ውስጥ ይኮመጥጣል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ስለኮመጠጠባቸው ባላምባራስ አንጀታቸው አረረ።

በሦስተኛው ገና ከአንድ መድኃኒተኛ የዕፅ ሥር አስመጡና አስቀቅለው፣ በብርዝ በጥብጠው ለተጫዋቾቹ አጠጧቸው። ለበረከት ነው አሏቸው። አይ በረከት! ብርዙን የቀመሰ ድካምም ሕመምም አይሰማውም። ቡድኑ እንደ ተለቀቀ ጥጃ ሲፈነጭ ማዶዎቹ መተንፈሻ አጡ።

ከሰዓት በኋላ ዳምጤ የሚባለው ጎበዝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ዱላ አረፈበት። እሱ ግን ምንም እንዳልነካው ሩሯን ተከትሎ ሮጠ። የቡድኑ አለቃ ጫንያለው ዞር ብሎ ሲያይ የዳምጤ እግር አብጦ ወደ ጎን ዞሯል፤ እሱ ግን እየሳቀ ይረግጥበታል። ጫንያለው ያጠጧቸው ብርዝ ትዝ ብሎት ደነገጠ። ለማሸነፍ አንድ ግብ ብቻ ቀርቷቸው ሳለ ዱላውን ጣለና ዳምጤን በግድ አስቀምጦ ወደ ባላምባራስ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ይህ ልጅ የሚያርሰው በዚህ እግር ነው» አላቸው። «ጠጅዎ እንዲሸጥ ብለው ሕመማችንን ሰረቁን።»

የባላምባራስ ደም ፈላ፤ ከዘራቸውን አነሡ። ጌታውን በአደባባይ ሌባ ያለ ጭሰኛ ከመሬቱ እንደሚነቀል የማያውቅ የለም። ጫንያለው ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ማዶዎቹም ዱላቸውን እየጣሉ መጥተው ከጎኑ ቆሙ። የጨዋታው ዳኛ ሽማግሌው አያ ደምለው ይሄኔ መሀል ገቡ።

ባላምባራስ አፍረው የብርዙን ማሰሮ በገዛ እጃቸው የደፉት፣ ዳምጤን በበቅሏቸው ወደ ወጌሻ የላኩት፣ ጫንያለው ከመሬቱ ሳይነቀል ዳምጤም ድኖ ለክረምቱ እርሻ የደረሰው፣ አያ ደምለው የተነሣውን ከዘራ ያዝ አድርገው፣ ፈገግ እያሉ በተናገሯት በዚያች አንዲት ቃል ነው፦ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።»