አያ ክንፎ ሳያንኳኳ

«ተረት ይዣለሁ!»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከባሕር ወለል።»

«በይ አውጪው!»

ድሮ ድሮ፣ ሰው ሳይፈጠር፣ ላምም ሳትኖር፣ እመት ዛጎሊት የምትባል ባለሁለት ክዳን ፍጥረት ባሕር ውስጥ ትኖር ነበር። እግሯን ዓለት ላይ ተክላ፣ ክዳኗን ከፍታ ውኃውን ታጠልላለች፤ የምትበላውም የምትተነፍሰውም ከዚያው ነው። በጉያዋ ገና ዓለት ያልያዙ፣ የሚንሳፈፉ ትንንሽ ልጆች ነበሯት። ዘመዶቿም እዚያው ዓለት ላይ ተደርድረዋል፤ ሽማግሌያቸው ክዳኑ እንደ ክንፍ ሰፍቶ የተዘረጋው አያ ክንፎ ነበር። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ጠላት ሲመጣ ሁሉም ክዳኑን ግጥም አድርጎ ይዘጋል፤ ጠላት ሲሄድ አያ ክንፎ በክዳኑ ዓለቱን ያንኳኳል፤ እሱ ሳያንኳኳ ማንም አይከፍትም። ከስንት ዓሣ ጥርስ ያዳናቸው ይህ ሕግ ስለሆነ አጥብቀው አመኑበት።

አንድ ቀን ከጥልቁ ጥቁር ውኃ መጣ። የሚተነፈስ አየር የሌለበት ውኃ ነው።

«ክፈቱልኝ» አለ።

«ዝጉ!» አለ አያ ክንፎ። ዘጉ። ውኃው ሲሄድ አያ ክንፎ አንኳኳ። ከታች በኩል ያሉት ግን አልከፈቱም፤ ሞተዋል።

ጥቁር ውኃ ዳግመኛ መጣ። «ክፈቱልኝ» አለ። ዘጉ። ሲሄድ አያ ክንፎ አንኳኳ፤ የከፈቱት ግማሾቹ ብቻ ናቸው።

እመት ዛጎሊት ጨነቃት። «አያ ክንፎ፣ ይሄ እኮ ጥርስ የለውም፤ እስክንታፈን ነው የሚጠብቀን። ልጆቼን ወደ ላይ፣ ወደ ዳርቻው አሸዋ ልልቀቃቸው?»

«ዘመድ በሌለበት? የአሸዋ ልጅ ተብለው ሊሰደቡ?» ብሎ ተቆጣት። እሷም አፍራ ልጆቿን ጉያዋ ውስጥ አቆየቻቸው።

ጥቁር ውኃ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ዘጉ። ይሄዳል ሲሉት ተኛባቸው። ልጆቿ በጉያዋ ይንፈራገጡ ጀመር፤ ቆይተው መንፈራገጡም ደከማቸው። እናታቸው ተጣራች።

«አያ ክንፎ!» ዝም።

«አያ ክንፎ!» ዝም።

«አያ ክንፎ!»

አያ ክንፎ ሞቷል።

«ጎረቤቶቼ፣ የሚያንኳኳ የለም! ልጆቻችሁን ልቀቁ!»

«እሱ ሳያንኳኳማ አንከፍትም» አሏት ከየክዳናቸው ውስጥ።

እመት ዛጎሊት ከፈተች። «ውጡ ልጆቼ! ብርሃን ወዳለበት፣ ሽቅብ! ያገኛችሁትን ያዙ!»

«አንቺስ እማዬ?»

«እኔማ እግሬ ተተክሏል።»

ጥቁሩ ውኃ ገባባት። ያቺ እናት አንጀቴን ትበላኛለች፤ ልጆቿ ይድረሱ አይድረሱ ሳታይ ቀረች።

ብዙዎቹ መንገድ ላይ አለቁ። አሸዋው ላይ የደረሱት ሦስት ናቸው፤ ጥፍር አያክሉም። ከስንትና ስንት ዘመን በኋላ ባሕሩን መልሶ የሞላው የእነሱ ዘር ነው። ዓለቱ ላይ ዘግተው የቀሩት ድንጋይ ሆኑ። ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው ዛሬም ያገኛቸዋል፤ ክዳናቸው እንደተዘጋ ነው።

እኔ ተረቱን ለባሕሩ መለስኩ፤ እናንተ ምክሩን ያዙ፦ የሙት ፈቃድ የጠበቀ፣ ከነልጁ አለቀ።